አንዳይና የአባዲያ ግንብ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በፈረንሳይ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ፣ ውቅያኖስ ዳር፣ የእኛ ፊደል የተጻፈበት ግንብ አለ፤ ስለ ግንቡና ስለ ከተማዋ ሰው ደጋግሞ የሚጠይቀው ከነመልሱ እነሆ (ዓመቶቹም ወሮቹም በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)።

አንዳይ የት ናት?

ፈረንሳይ አልቃ ስፔን የምትጀምርበት ቦታ ላይ ናት። ከፊቷ አትላንቲክ ውቅያኖስ ነው። ከኋላዋ የፒሬኔ ተራሮች ይጀምራሉ። በጎኗ ቢዳሶዋ የሚባል ወንዝ ይፈሳል፤ ድልድዩን ሲሻገሩ ኢሩን የምትባል የስፔን ከተማ አለች። በእግር የሚኬድ ነው። የአንዳይ ነዋሪ 20,000 አይሞላም።

ስሟ በፈረንሳይኛ ሲጻፍ ከፊት "ህ" አለው፤ ግን አይነበብም። አገሩ የባስኮች ነው። ባስኮች ከፈረንሳይኛም ከስፓኒሽም ጋር የማይዛመድ የራሳቸው ቋንቋ አላቸው፤ በእነሱ አጠራር ከተማዋ "ኤንዳያ" ናት። የመንገድ ምልክቶችን በሁለት ቋንቋ ተጽፈው ብታዩ አትገረሙ።

ኮሙን ሲባል ምን ማለት ነው?

በፈረንሳይ ትንሹ የአስተዳደር እርከን ነው። አንዳንዱ ሰው "ቀበሌ" ብሎ ይተረጉመዋል፤ ልክ አይመጣም። ኮሙን የራሱ ከንቲባና የራሱ ምክር ቤት ያለው ራሱን የቻለ አካል ነው። ከመቶ ያነሰ ሰው የሚኖርበት መንደርም ኮሙን ይባላል፤ ፓሪስም ኮሙን ናት። በአገሩ ሁሉ 35,000 ገደማ ኮሙኖች አሉ። አንዳይ አንዷ ናት፤ የግንቡ ባለቤት አንቷን ዳባዲም ከ1871 እስከ 1875 ከንቲባዋ ሆኖ አገልግሏታል።

የአባዲያ ግንብ ምንድን ነው?

ከከተማዋ ወጣ ብሎ፣ ባሕሩን ቁልቁል የሚያይ ገደል አናት ላይ የተሠራ መኖሪያ ቤት ነው። ቤት ስላችሁ ግን የፋሲልን ግንብ አስቡ፦ ማማ አለው፣ ጥርስ ጥርስ ያለው የግንብ አናት አለው፣ ጠባብና ረጃጅም መስኮቶች አሉት። የጥንት ይመስላል እንጂ ጥንታዊ አይደለም። ሥራው የተጀመረው በ1864 ነው፤ ያለቀው ከ15 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። የመካከለኛው ዘመን የግንብ አሠራር እንደገና ፋሽን የሆነበት ጊዜ ነበር።

ንድፉ ኤዤን ቪዮሌ ለ ዱክ ከሚባለው ታዋቂ አርክቴክት ነው። የፓሪሱን ኖትር ዳም ካቴድራልና የካርካሶንን የከተማ ቅጥር ያደሰው እሱ ነው። ሥራውን ከቦታው ሆኖ የመራው፣ ውስጡንም ያስጌጠው ተማሪው ኤድሞን ዱትዋ ነው። ግንቡ ሦስት ክንፍ አለው። አንዱ ለጸሎት፣ አንዱ ለጥናት፣ አንዱ ለመኖሪያ። የባለቤቱን ሕይወት በድንጋይ የሣሉት ይመስለኛል፤ ሰውየው ቀኑን ሲከፋፍል የኖረው በእነዚሁ ሦስቱ ነበርና። በ1984 በታሪካዊ ቅርስነት ተመዝግቧል።

አንቷን ዳባዲ ማን ነበር?

በ1810 አየርላንድ ውስጥ ደብሊን ተወለደ። እናቱ አየርላንዳዊት፣ አባቱ ባስክ ናቸው። ልጅ እያለ ቤተሰቡ ወደ ፈረንሳይ ተመለሰ። ሀብት ነበራቸው፤ እሱ ግን ሀብቱን ለጉዞና ለሳይንስ መሣሪያ አዋለው። መሬት ለኪ፣ የቋንቋ ተመራማሪ፣ የከዋክብት ተመልካች፣ አጥባቂ ካቶሊክ። ሁሉንም በአንድ ላይ ነበር። በ1867 የፈረንሳይ ሳይንስ አካዳሚ አባል ሆነ፣ በኋላም አካዳሚውን በፕሬዚዳንትነት መርቷል።

መፈክሩ በግርድፉ "ከመምሰል ይልቅ መሆን" የሚል ነበር። በ1859 ቪርዢኒ ደ ሴን ቦኔን አገባ። በ1897 ሲሞት ግንቡ ውስጥ ካለው የጸሎት ቤት ሥር ተቀበረ፤ ባለቤቱም በኋላ እዚያው ከጎኑ አረፈች። የጸሎት ቤቱን የሚጎበኝ ሰው መቃብር ላይ መቆሙን ልብ ይበል።

ኢትዮጵያ ውስጥ ምን ሲሠራ ነበር?

አንቷንና ታናሽ ወንድሙ አርኖ በ1838 መጀመሪያ ላይ ምጽዋ ደረሱ። ዘመኑ ዘመነ መሳፍንት ነው። ጎንደር ላይ ንጉሥ አለ፤ ሥልጣን ግን የለውም። ራስ አሊ ደብረ ታቦር፣ ደጃዝማች ውቤ ስሜንና ትግራይ ላይ ናቸው። ከአንዱ ገዥ ወደ ሌላው ለመሻገር ፈቃድም፣ ስጦታም፣ ትዕግሥትም ይጠይቃል። አንቷን የተሻለ መሣሪያ ለማምጣት አንዴ ወደ ፈረንሳይ ተመለሰ። ከዚያ እንደገና መጥቶ እስከ 1840ዎቹ መጨረሻ ቆየ። በድምሩ አሥር ዓመት ገደማ ይሆናል።

ዋና ሥራው መለካት ነበር። ተራራ ላይ ይወጣል፤ መሣሪያውን ይተክላል፤ ከዚያ የሚታዩትን ተራሮች ሁሉ አቅጣጫቸውንና ማዕዘናቸውን ይመዘግባል። ከዚያ ወደሚቀጥለው ተራራ ይሄዳል። እንዲህ እያለ ከምጽዋ እስከ ከፋ ድረስ በመቶዎች የሚቆጠሩ ቦታዎችን አቀማመጥ አሰላ። ጎንደርን፣ ጎጃምን፣ የንጉሥ አባ ባጊቦን አገር እናርያን አይቷል፤ በ1843 ከፋ ገብቷል። ውጤቱ "የኢትዮጵያ ጂኦዴዚ" (ጂኦዴዚ የመሬት ልኬት ሳይንስ ነው) በሚል ከ1860 ጀምሮ በክፍል በክፍል ታተመ።

በትርፍ ሰዓቱ የሠራው ደግሞ ለእኛ የበለጠ ቅርብ ነው። ግእዝና አማርኛ ተማረ፤ ከሊቃውንት እግር ሥር ቁጭ ብሎ ጠየቀ፤ የብራና መጻሕፍት ገዛ፤ መግዛት ያልቻለውን አስገለበጠ። በ1881 ፓሪስ ላይ የአማርኛ መዝገበ ቃላት አሳተመ። ጉንዳ ጉንዶ ገዳም ያገኘውን ሄርማስ ኖላዊ የሚባል የጥንት ክርስቲያኖች መጽሐፍ የግእዝ ትርጉም በ1860 ከላቲን ትርጉም ጋር ለአውሮፓ አሳወቀ። ጣሊያን አገር ያለ አንድ አይሁዳዊ ምሁር ለቤተ እስራኤል ሊቃውንት የላካቸውን ጥያቄዎች ያደረሰውም እሱ ነው። መልሱ የመጣው አባ ይስሐቅ ከሚባሉት መነኩሴ ነበር።

ወንድሙ አርኖስ?

አርኖ ከመሣሪያ ይልቅ ከሰው ጋር ነበር። ጎጃም ውስጥ የደጃዝማች ጎሹ ዘውዴ ወዳጅ ሆነ፤ አብሯቸው በላ፣ አብሯቸው ዘመተ። ጎሹ በ1852 ጉር አምባ ላይ በካሣ ኃይሉ፣ በኋላ አፄ ቴዎድሮስ በሆኑት፣ ተሸንፈው ሞቱ። አርኖ የጻፈው የጉዞ ትዝታ በ1868 ወጥቷል፤ የዘመነ መሳፍንትን የግብር አዳራሽና የጦር ሰፈር ከውስጥ ሆኖ ያሳያል። ግንቡ ግን የእሱ አይደለም፤ የአንቷን ነው።

እውነት ግንቡ ውስጥ በአማርኛ ፊደል ተጽፏል?

አዎ። ሰው ይህን ሲሰማ ማመን ያቅተዋል፤ ግን እውነት ነው። በጣም የሚወራለት የምግብ አዳራሹ ነው። ግድግዳው በጎሽ ቆዳ ተሸፍኗል። በገበታው ዙሪያ ያሉት ወንበሮች እያንዳንዳቸው የኢትዮጵያ ፊደል አላቸው። አንዱ ወንበር ብቻውን ምንም አይናገርም። ሁሉም በቦታቸው ሲደረደሩ ግን አንድ ጸሎት ይሆናሉ። ሐሳቡ በግርድፉ "በዚህ ገበታ ዙሪያ ከሃዲ እንዳይኖር እግዚአብሔር ያድርግልን" የሚል ነው።

እስቲ አስቡት። ፈረንሳውያን መኳንንትና ሳይንቲስቶች ተቀምጠው ይበላሉ። ጀርባቸውን የተደገፉበትን ፊደል ማንበብ የሚችለው ምናልባት ባለቤቱ ብቻ ነው። ይህ ዓይነቱ ጸሎት ለእኛ እንግዳ አይደለም። አብሮ የበላን መክዳት እኛ ዘንድ ነውር ነው፤ በዘመነ መሳፍንት ደግሞ ከገበታ ተነስቶ መካካድ የየዕለቱ ወሬ ነበር። አንቷን ያንን ፍርሃት ከጎንደርና ከጎጃም ይዞ የተመለሰ ይመስለኛል።

ሌላም አለ። መግቢያው አካባቢና ደረጃው ላይ የኢትዮጵያን ኑሮ የሚያሳዩ ትልልቅ የግድግዳ ሥዕሎች አሉ። "የኢትዮጵያ ክፍል" የሚባል መኝታ ቤትም አለ። ፊደል የቆጠረ ኢትዮጵያዊም ኤርትራዊም እዚህ ቤት ሲገባ ከብዙው ጎብኚ የተለየ ነገር ያያል። ሌላው ሰው ጌጥ ሲያይ እሱ ጽሑፍ ያነባል። ለእኔ ወደ አንዳይ መሄድን የሚያስመኘው ከሁሉ በላይ ይሄ ነው።

ሌሎቹስ ጽሑፎች በምን ቋንቋ ናቸው?

ቤቱ ራሱ ይናገራል ማለት ይቻላል። ዋናው በር ላይ በአየርላንድ ቋንቋ "መቶ ሺህ ጊዜ እንኳን ደህና መጣችሁ" የሚል አለ፤ የእናቱ አገር ሰላምታ ነው። ባስክኛ አለ፣ ላቲን አለ፣ እንግሊዝኛ አለ፣ ጀርመንኛ አለ። የማጨሻ ክፍሉ ደግሞ በዓረብ አገር ወግ የተሠራ ነው፤ የዓረብኛ ጽሑፍ አለው። አንቷን የሚወደውን አባባል በሚወደው ቋንቋ ግድግዳ ላይ የማጻፍ ልማድ ነበረው። እንግዳ እየዞረ እንዲያነብና እንዲያስብ ይመስላል።

ግንቡ ላይ ያሉት አዞና ዝሆን ምንድን ናቸው?

ከድንጋይ የተቀረጹ ናቸው። ደረጃውን አዞዎች ይጠብቁታል። ማማው ላይና ግድግዳው ላይ ዝሆን፣ እባብ፣ ዝንጀሮ፣ ቀንድ አውጣ ሳይቀር ታያላችሁ። የመካከለኛው ዘመን ግንበኞች ካቴድራል ላይ አስፈሪ አውሬ ይቀርጹ ነበር። ቪዮሌ ለ ዱክና ዱትዋ በዚያ ፈንታ ባለቤቱ በጉዞው ያገኛቸውን የሚያስታውሱ እንስሳት አደረጉ። ልጆች ይዛችሁ ከሄዳችሁ እንስሳቱን እያስቆጠራችሁ አዙሯቸው፤ አይሰለቻቸውም።

በረንዳው ላይ አንድ ድንጋይ ጎደለ የሚባለው እውነት ነው?

ታሪኩ እንዲህ ነው የሚነገረው። የመጨረሻዋን ድንጋይ ንጉሠ ነገሥት ናፖሊዮን ሦስተኛ መጥቶ እንዲያኖራት ታስቦ ነበር። በ1870 ጦርነት መጣ፤ ናፖሊዮን በፕሩሲያ ተማረከ፤ ዙፋኑም ወደቀ። ድንጋይዋም ሳትቀመጥ ቀረች። ቦታው እስከ ዛሬ ክፍት ነው። አስጎብኚዎች ይህን ሳያሳዩ አያሳልፉም።

ከዋክብት ይታዩበት ነበር የሚባለውስ?

የግንቡ አንዱ ክንፍ እውነተኛ የከዋክብት መመልከቻ ነው። በ1879 የተሠራ ትልቅ ቴሌስኮፕ ዛሬም ቦታው ላይ አለ። ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ብቻ ነው የሚዞረው። ጣሪያው ላይ በተከፈተ ቀጭን ስንጥቅ በኩል ኮከቡ መስመሩን ሲያቋርጥ ሰዓቱ ይያዛል። በዚህ ዘዴ የኮከቡ ቦታ በትክክል ይታወቃል። አንቷን ክብን 360 ቦታ መክፈል አይወድም ነበር። ሁሉም ነገር በአሥርና በመቶ እንዲሆን ስለፈለገ መሣሪያው ክብን 400 ቦታ ይከፍላል።

አንቷንና ሚስቱ ልጅ ስላልነበራቸው ግንቡን ለሳይንስ አካዳሚ አወረሱ። ውርሱ ግን ግዴታ ነበረበት፦ እስከ 1950 ድረስ የግማሽ ሚሊዮን ከዋክብት ዝርዝር መዘጋጀት አለበት። ሥራውን ካህናት ያዙት። ሌሊት ሌሊት እየተነሱ፣ ኮከብ በኮከብ እየቆጠሩ ዓመታት ገፉ። መመልከቻው እስከ 1975 ሠርቷል። ግንቡ ዛሬም የአካዳሚው ንብረት ነው።

ግድግዳውን የበሳው ቀዳዳ ምንድን ነው?

ይህ ጥያቄ የሚመጣው ግንቡን ካዩ ሰዎች ነው። ከአካባቢው ተራሮች ላ ሩን የሚባል 905 ሜትር ከፍታ ያለው አለ። አንቷን ብርሃን በአየር ውስጥ ሲያልፍ ምን ያህል እንደሚጎብጥ ለማወቅ ፈለገ። ስለዚህ ግንቡ ሲሠራ ከተራራው አናት ጋር ቀጥ ባለ መስመር ግድግዳዎቹን አስበሳ። በቀዳዳዎቹ በኩል ተራራውን በመነጽር ሊያይ ነበር።

አልተሳካም። ብዙ ሰው ቀዳዳውን ደፍኖ ዝም ይል ነበር። እሱ ግን በባስክኛ ጻፈበት፦ "አላየሁም፣ አልተማርኩም"። ከግንቡ ጽሑፎች ሁሉ እኔን የሚነካኝ ይሄኛው ነው። ያልተሳካ ሙከራን በገዛ ቤቱ ግድግዳ ላይ ለትውልድ የሚያስቀምጥ ሰው ብዙ አይገኝም።

ባስኮች ለምን ያከብሩታል?

ቋንቋቸውን ስላከበረላቸው። በ1836፣ ኢትዮጵያ ከመምጣቱ በፊት፣ ኦገስተን ሻኦ ከሚባል ባስክ ጋር ሆኖ ስለ ቋንቋው ሰዋስው መጽሐፍ አሳትሟል። ባስክኛ ያኔ የገበሬና የዓሣ አጥማጅ ቋንቋ ተብሎ የተናቀ ነበር። አንቷን ከ1850ዎቹ ጀምሮ በራሱ ገንዘብ የባስክ በዓል ያዘጋጅ ጀመር። የግጥም ውድድር ይደረጋል፣ የእጅ ኳስ ጨዋታቸው ፔሎታ አለ፣ ሽልማት ይሰጣል። ገበሬው በቋንቋው ገጥሞ ይሸለማል። "የባስኮች አባት" የሚል ስም ያወጡለት በዚህ ነው።

የራሱን ቋንቋ ያከበረ የሌላውንም ያከብራል። ይሄ ሰው አማርኛንና ግእዝን እንደዚያ የተንከባከበው ባስክ ስለሆነ ይመስለኛል።

ከግንቡ ሌላ አንዳይ ውስጥ ምን ይታያል?

በመጀመሪያ ባሕሩ። የአሸዋው ዳርቻ 3 ኪሎ ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ ውሃው ቀስ በቀስ ስለሚጠልቅ ለልጆች ጥሩ ነው። በዳርቻው ጫፍ ውሃ ውስጥ የቆሙ ሁለት አለቶች አሉ፤ "ሁለቱ መንትዮች" ይባላሉ። ከግንቡ አጠገብ ያለው ገደላማ መሬት ከ1979 ጀምሮ በመንግሥት የባሕር ዳርቻ ጥበቃ ድርጅት እጅ ስላለ ቤት አይሠራበትም። በእግር እየዞሩ ማየት ይቻላል፤ ለዚህ ደግሞ ክፍያ የለም።

ሁለተኛ፣ ወንዙ መሃል ያለችው የፌዛን ደሴት። በ1659 ፈረንሳይና ስፔን ረጅም ጦርነታቸውን የቋጩት እዚያ ላይ ነው። ደሴቷ እስከ ዛሬ የሁለቱም ናት። ከየካቲት እስከ ሐምሌ ስፔን፣ ከነሐሴ እስከ ጥር ፈረንሳይ ያስተዳድሯታል። በዓመት ሁለት ጊዜ አገር የምትቀይር መሬት ናት ማለት ነው። ማንም አይኖርባትም፤ ከወንዙ ዳር ቆሞ ማየት ነው።

ሦስተኛ፣ የባቡር ጣቢያው። ሂትለርና የስፔኑ ገዥ ፍራንኮ ጥቅምት 23 ቀን 1940 የተገናኙት እዚህ ነው። ሂትለር ስፔንን ወደ ጦርነቱ ሊያስገባ ፈልጎ ለሰዓታት ተነጋገሩ፤ የፈለገውን ሳያገኝ ሄደ። መሃል ከተማ ደግሞ የቅዱስ ቪንሰንት ቤተ ክርስቲያን አለ። የድሮውን ሰፈር ብዙ አትጠብቁ፤ በ1793 ከወንዙ ማዶ የመጣ የስፔን መድፍ ከተማዋን አፍርሷታል።

እንዴት ይኬዳል?

ከፓሪስ ፈጣኑ ባቡር ቲጂቪ አንዳይ ድረስ ይሄዳል፤ አምስት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ከስፔን በኩል ለሚመጣ ሳን ሴባስቲያን ላይ "ቶፖ" የሚባለውን ትንሽ ባቡር መያዝ ነው፤ አንዳይ ጣቢያ አጠገብ ያወርዳል። ግንቡ ግን ከጣቢያው ራቅ ይላል። ወደ ሴን ዣን ደ ሉዝ በሚወስደው የባሕር ዳር መንገድ ላይ ነው፤ አውቶቡስ ወይም ታክሲ ይያዛል። የመክፈቻ ሰዓቱ እንደ ወቅቱ ስለሚለያይ ከመሄዳችሁ በፊት አረጋግጡ።

አንድ ነገር ልጨምር። ድንበሩ ክፍት ይመስላል፤ ግን ድልድዩ ላይና ባቡር ውስጥ የፈረንሳይ ፖሊስ ወረቀት ይጠይቃል። የእኛን መልክ ያለው ሰው ደግሞ ቶሎ ይጠየቃል። ለሽርሽር እንኳን ቢሆን ፓስፖርት ወይም የመኖሪያ ፈቃድ ሳትይዙ አትሻገሩ። ወረቀት የሌላቸው ስደተኞች በዚህ ወንዝ ዋኝተው ለመሻገር ሲሞክሩ ሞተዋል። ውሃው ጠባብ ስለሆነ ቀላል ይመስላል፤ ማዕበሉ ሲገባና ሲወጣ ግን ይወስዳል። የምታውቁት ሰው ይህን ካሰበ እባካችሁ ንገሩት።

የዓባይን ምንጭ አገኘሁ ብሎ ተሳስቷል የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። አንቷን የነጭ ዓባይ ዋና ምንጭ ከጊቤ ወንዝ አገር የሚነሳ መስሎት ነበር። ጊቤ ግን ወደ ኦሞ፣ ኦሞም ወደ ቱርካና ሐይቅ ነው የሚገባው። ቻርልስ ቢክ የሚባል እንግሊዛዊ ተጓዥ አጥብቆ ተቃወመው። ከፋ መድረሱንም ሳይቀር ተጠራጠረ። ክርክሩ ከሮ ቢክ ከፓሪስ የጂኦግራፊ ማኅበር ያገኘውን ሜዳሊያ እስከ መመለስ ደረሰ።

ቢክ በዓባይ ጉዳይ ትክክል ነበር። በከፋው ጉዞ ግን ተሳስቷል፤ አንቷን በእርግጥ ሄዷል። ልኬቶቹም ከምንጩ ንድፈ ሐሳብ ጋር አልወደቁም። ማዕዘን ማዕዘን ነው፤ ሰውየው ስለ ወንዙ ምንም ቢያስብ ተራራው ያለበት ቦታ አይቀየርም።

ሰላይ ነበር እንዴ?

ይህን ጥያቄ ኢትዮጵያውያን ብቻ አይደሉም የጠየቁት። በዘመኑ የነበሩ እንግሊዞች ወንድማማቾቹን የፈረንሳይ መንግሥት ሰዎች አድርገው ይጠረጥሯቸው ነበር። ካርታ የሚሠራ ሰው መጠርጠሩ አይገርምም። አንቷን ግን በራሱ ገንዘብ ነው የተጓዘው፤ ሥራውንም ለማንም እንዲታይ አሳትሟል።

ሃይማኖትን በተመለከተ ግን እጁ ንጹሕ ነው ማለት አይቻልም። ከወንድማማቾቹ ጋር አብሮ የመጣው ካህን ጁሴፔ ሳፔቶ ነው፤ በ1869 የአሰብን መሬት ለጣሊያን የመርከብ ኩባንያ የገዛው ያው ሳፔቶ። አንቷን ወደ ሮም ጽፎ ለኦሮሞ አገር የካቶሊክ ሚሲዮን እንዲላክ ገፋፍቷል፤ በዚህም በ1846 አባ ማስያስ የምንላቸው ጉልዬልሞ ማሳያ ተሾሙ። ይህ የሆነው በግልጽ ነው፤ ስለላ አይባልም። ያም ሆኖ ከእሱ በኋላ በከፈተው መንገድ ማን ማን እንደገባ እያወቁ ማንበብ ተገቢ ነው።

ሥዕሎቹ ኢትዮጵያን በትክክል ያሳያሉ?

በከፊል። ሐሳቡ አገሩን አሥር ዓመት ካየ ሰው የመጣ ስለሆነ ሸማው፣ አቀማመጡና መሣሪያው ከተራ ምናብ ይሻላል። አሣሣሉ ግን የአውሮፓ ነው። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ሥዕል የሚመስል ነገር የሚፈልግ ሰው አያገኝም።

ደረጃው አካባቢ ደግሞ መብራት የያዘ የጥቁር ልጅ ሐውልት አለ። አብዱላህ ይባላል፤ አንቷን ከባርነት ነፃ አውጥቶት ወደ ፈረንሳይ የወሰደው ልጅ ነው። አንቷን በሕይወቱ መጨረሻ ባርነትን የሚቃወም ሥራ ውስጥ ነበር። ያም ሆኖ ነፃ የወጣ ልጅ ለዘላለም መብራት ይዞ ደረጃ ሥር መቆሙ ቅር ያሰኛል። ያንን ስሜት መደበቅ ያለብን አይመስለኝም። አስጎብኚውን ስለ ልጁ ጠይቁት።

የወሰዳቸው የብራና መጻሕፍት የት ናቸው? መመለስ የለባቸውም?

ግንቡ ውስጥ አይደሉም። ብዙ ሰው አንዳይ ድረስ ሄዶ ሲያጣቸው ያዝናል። አንቷን በ1859 ባሳተመው ዝርዝር 234 የብራና መጻሕፍት ነበሩት። ከሞተ በኋላ በ1902 ፓሪስ ወዳለው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ገቡ። ዛሬ ስብስቡ በስሙ ተጠርቶ እስከ 283 ቁጥር አለው።

መመለስን በተመለከተ፣ ከመቅደላ ጋር አንድ አድርጎ ማየት ትክክል አይመስለኝም። በ1868 እንግሊዞች ከመቅደላ የወሰዱት በጦርነት የተዘረፈ ነው። አንቷን ግን አንዳንዱን ገዝቷል፣ አንዳንዱን ከፍሎ አስገልብጧል። ይህ ማለት ግን ጥያቄ የለም ማለት አይደለም። በዚያ በረሃብና በጦርነት ዘመን መጽሐፍ የሸጠ ሰው ምን አስገድዶት ሸጠ? የሸጠውስ የራሱን ነው ወይስ የደብሩን? ለእያንዳንዱ መጽሐፍ መልሱ የተለያየ ነው፤ በየአንዳንዱ ገጽ ጠርዝ ላይ ያለውን ማስታወሻ ማንበብ ይጠይቃል።

ይህንን ማንበብ ደግሞ ዛሬ ይቻላል። ብዙዎቹ ፎቶ ተነስተው ጋሊካ በሚባለው የቤተ መጻሕፍቱ ድረ ገጽ ላይ በነፃ ተቀምጠዋል። ጎንደር ያለ የቅኔ ተማሪ በስልኩ ሊያነባቸው ይችላል። "ኢትዮጵያዊ ዳባዲ" በሚለው የፈረንሳይኛ መጠሪያና በቁጥራቸው ይፈለጋሉ። መጽሐፈ ሄኖክን የሚፈልግ ቁጥር 35ንና ቁጥር 55ን ይፈልግ፤ ኩፋሌን የሚፈልግ ቁጥር 117ን።